ነፃ ነፍስ፣ ነፃ አገር

«ነፍሴ ነፃ ከወጣች የምድሩ ነፃነት ምን ያደርግልኛል?» የሚል ክርስቲያን ሲያጋጥመኝ ቶሎ ትዝ የሚሉኝ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ በጥይት ገደሏቸው። ለጣሊያን ተገዙ፣ አርበኞችንም አውግዙ ተብለው ነበር። እምቢ አሉ! ይልቁንም ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪው እንዳይገዙ ገዘቱ።

እስቲ ልብ በሉ፣ ከተማዋ በጠላት እጅ ናት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ስደት ላይ ናቸው፣ አቡነ ጴጥሮስ ደግሞ እስረኛ ናቸው፤ ነፃ የነበረው ልባቸው ብቻ ነው፣ እሱን ግን ሞትን ስላልፈራ ማንም ሊያዘው አልቻለም።

ክርስቶስ መጀመሪያ ነፃ የሚያወጣን ከኃጢአት ነው፤ ይህን ከባንዲራ ጋር አንድ ማድረግ አልወድም። አገር ነፃ ሆና ሰዎቿ የጥላቻና የገንዘብ ባሪያ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ይሄን ደግሞ ዛሬ በደንብ እያየነው ነው። ግን ከሞት ፍርሃት የተፈታ ሰው ወገኑ ሲረገጥ እንዴት ዝም ይላል? እኔ አይገባኝም። ጳውሎስም ቢሆን ስለ ደስታ የጻፈው ታስሮ ነው፣ እስሩን ግን ትክክል ነው አላለም። አቡነ ጴጥሮስም ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ ደብረ ሊባኖስ ላይ ከአርበኞች ጋር የመከሩትም እኚሁ ጸሎተኛ ጳጳስ ናቸው።