ዘጠነኛው ጥያቄ

ድሬ ላይ በግንቦት ስድስት ሰዓት ላይ የሚደውልልህ ሰው ወይ ገንዘብ ፈልጓል ወይ ጨንቆታል። ከዚራ ሰፈር ራሱ ጭር ይላል፤ ሁሉም ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ነው። የደወለችው ከዳታ ሰብሳቢዎቻችን አንዷ ነበረች።

«አቦ ስማኝማ፣ ዘጠኝ ላይ 3 አለኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። (እዚህ አለቃን አንቱ ማለት የለም።) «ቀጥሎ ያለው ደግሞ የቤታችሁ ጣሪያ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ልቀጥል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣቶች ዘንድ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብና ስለ ጥቃት ጥናት እየሠራን ነበር። መጠይቁ ውስጥ ፒኤችኪው 9 የሚባለው አለ፣ የድብርት ምልክትን ለመለየት በብዙ አገር የሚሠራበት፣ 9 ጥያቄ ያለው። የመጨረሻው ባለፉት ሁለት ሳምንታት «ብሞት ይሻለኛል» ወይም «ራሴን ልጉዳ» የሚል ሐሳብ ምን ያህል እንደመጣብህ ይጠይቃል። መልሱ ከ0 እስከ 3 ነው። 3 ማለት በየቀኑ ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ በመጀመሪያው ፕሮፖዛል ላይ ነበር። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አንድ የሥነ አእምሮ ነርስ ተጠባባቂ፣ የትራንስፖርት ብር፣ ለዳታ ሰብሳቢዎቹ የአንድ ቀን ተጨማሪ ሥልጠና፤ በጠቅላላው 38 ሺህ ብር። ከዚያ ለጋሹ በጀት ቀንሱ አለን። እኔም ቁጭ ብዬ ማንም የማይጮህለት መስመር የትኛው ነው ብዬ ፈለግኩ። አበል ብነካ ሰው ይነሳብኛል። ታብሌቱ የግድ ነው። የመኪና ኪራዩም የግድ ነው። ይቺን ሰረዝኳትና በምትኳ «አስፈላጊ ሲሆን ወደ ጤና ተቋም ይላካሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሰካሁ። ዓረፍተ ነገር ብር አይጠይቅም። ወረቀቱን ያየ ሁሉ አለፋት።

የሚያሳፍረኝ ሌላው ነው። የዚያው ፕሮፖዛል መግቢያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የአውሮፓ ጥናት ጠቅሼ ነበር። በ10 አገሮች 11,110 ተማሪዎች የተሳተፉበት ነው፤ ለወጣቶቹ ስለ አእምሮ ጤና ክፍል ውስጥ በውይይትና በድራማ የተሰጠው ፕሮግራም ከዓመት በኋላ ራስን የማጥፋት ሙከራን በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። እዚያ ጥናት ላይ ቅጹ ላይ ከባድ አደጋ የታየበት ተማሪ ጥናቱ ቀርቶበት ወዲያው ወደ ባለሙያ ይወሰድ ነበር። አንብቤዋለሁ። ውጤቱን ወስጄ ይሄኛውን ተውኩት ማለት ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር «ጨርሺና ደውዪልኝ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዕለቱን 12 ቅጽ ይጠበቅብናል። ግን ጣሪያው የሚለው ነገር ያዘኝ። «ታብሌቱን ዝጊው፣ ከአጠገቡ እንዳትነሺ፣ መጣሁ» አልኳት። ባጃጅ ለማግኘት ራሱ ፈተና ነው በዚያ ሰዓት፤ አንዱን ከበርጫው ላይ አስነስቼ በእጥፍ ሒሳብ እነሱ ወዳሉበት ሳቢያን ሰፈር በረርን።

እሷና መጠይቁን ሲመልስ የነበረው ልጅ አንድ የግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ለስላሳ ገዝታለታለች፣ አልነካውም። ቆርኪውን ብቻ በጣቱ ያገላብጣል። እሷ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ ብላ ፊት ለፊት ጠይቃዋለች። ሥልጠና ላይ ግማሹ ሰው «እንዲህ ብለን ከጠየቅን ሐሳቡን እናስይዘዋለን» ብሎ ሲከራከረኝ ነበር፤ አያስይዝም፣ ይሄ ደጋግሞ የተጠና ነገር ነው። ልጁ መልሶ ወደ ታብሌቱ እያየ «ይሄ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል?» አላት። «ካልፈለግክ አይገባም» አለችው። ከዚያ ነው የነገራት። የሚኖርበት ቤት የሚመታው ሰው አለ፣ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ የሚጠብቁት ልጆች አሉ፣ እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል።

መጠይቃችን ላይ ጥቃት ሌላ ክፍል ነው፣ ከሃያ ምናምን ጥያቄ በኋላ ነው የሚመጣው። እሱ ግን ባንድ ትንፋሽ ነው ያወራው። ገንዘብ ሰጪዎቹም ዘንድ ጥቃትና ራስን ማጥፋት ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት ከ720 ሺህ በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። የተደበደበ ልጅ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለዚህ ተጋላጭ እንደሆነ የታወቀ ነው። ግን ፕሮፖዛል ስትጽፍ «ትኩረታችሁን አጥብቡ» ትባላለህ።

ነርስ የሆነ ጓደኛዬ ከተረኝነቱ ወጥቶ መጣ። ልጁ ራሱ የሚያምናትን የአክስቱን ቁጥር ሰጠን። እስክትመጣ አብረነው ቆየን፤ አምስታችን በሁለት ባጃጅ ሄድን። ክትትል ጀመረ። ከዚህ በላይ ማውራት የኔ አይደለም፤ የጻፍኩትም እንዳይታወቅ ለዋውጬ ነው።

በማግሥቱ የባጃጁን ሒሳብ ይዤ ፋይናንስ ገባሁ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን እያየች «በየትኛው መስመር ልመዝግበው?» አለችኝ። መስመር የለም። ማን እንደሰረዘውም አልነገርኳትም።

ሥራውን አራት ቀን አቆምን። ለጋሹን ጻፍንለት፣ ከማጠቃለያው ወርክሾፕ ላይ ብር እንድናዛውር ፈቀደ፤ ለካ ብንጠይቅ ኖሮ ድሮም ይፈቅድ ነበር። አሁን ፕሮፖዛል ስጽፍ ይቺን ወጪ «ሌሎች ወጪዎች» ሥር አላስቀምጣትም፣ ቀድሞ የሚቆረጠው እሱ ነዋ። ዳታ መሰብሰቢያው ውስጥ ከአበሉ ጎን ነው የምከታት።

መጨረሻ ላይ ዳታውን የሚያጸዳው ልጅ ደወለልኝ። «አንድ ቅጽ ከ9 በኋላ ባዶ ነው፣ ሰዎቹን መልሼ ልላክ ወይስ ልሰርዘው?»

«እንዳለ ተወው» አልኩት።