«ይቺ ጥንቸል አይደለችም»

እናቴ ከመንዝ ኮሎራዶ የመጣች ሰሞን ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ይዛ መስኮት ሥር ትቀመጥ ነበር። ኦሮራ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ በዚያ ሰዓት ሳሩ ላይ ጥንቸል አይጠፋም።

«እማ፣ ጥንቸሏን እያት» አልኳት።

ቆየት ብላ አየቻትና «ይቺ ጥንቸል አይደለችም» አለችኝ።

«ምን ልትሆን ነው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። የጥንቸል ጆሮ ጫፉ ጥቁር ነው። ይቺ ጆሮዋም አጭር፣ እግሯም አጭር።»

ሳቅሁባት። ልጅ ሆና ጓሳ ጥግ በግ ስትጠብቅ ያደገች ሴት መሆኗን ረስቼ ነው። ማታ ከሥራ ገብቼ ሳነብ ልክ ሆና አገኘኋት።

አማርኛችን ለሁለት እንስሳ አንድ ስም ነው የሰጠው። ፈረንጆቹ ራቢትና ሄር ብለው ይለያሉ። አገራችን ዱር ውስጥ ያለው ሁሉ ሄር ነው፤ ቤት የሚረባው ነጩ ከውጭ የመጣ ነው። እናቴ የምታውቃት የደጋዋ ደግሞ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ሌፑስ ስታርኪ የሚል ሳይንሳዊ ስም ወጥቶላታል። ሰው በኦሪት ምክንያት ባይበላትም ቀይ ቀበሮ አይምራትም።

የጓሮዬዋ ኮተንቴል የምትባል ራቢት ናት፤ የጅራቷ ሥር ባዘቶ ይመስላል። ኮሎራዶ ውስጥ ሦስት ዓይነት ኮተንቴል አለ፤ ከሩቅ መለየቱ ያታክታል። እኔ የያዝኩት ጆሮን ነው፦ የበረሃዋ ረዘም ብሎ ውስጡ ጠጉሩ ሳሳ ያለ፣ የተራራዋ አጠር ክብ ብሎ ውስጡ ጠጉር የሞላው። ሦስተኛዋ ማጅራቷ ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ቀለሟ ይጎላል። የኔዋን እስካሁን አልቆረጥኩላትም።

ግንቦት ላይ ልጄ ሳሩ መሀል የጥንቸል ጎጆ አገኘ። ጠጉር የተነጠፈበት ጎድጓዳ ውስጥ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ራቁታቸውን የሆኑ አራት ግልገሎች። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና «የኛዋ ጠጉሯን ለብሳ፣ ዓይኗን ገልጣ ነው የምትወለድ» አለች። ሳይንቲስቶቹም ራቢትን ከሄር ከሚለዩበት ዋናው ይኸው ነው። መልሰን ሸፈንናቸው፤ እናትየዋ የምታጠባቸው ሲነጋጋና ሲመሻሽ እየመጣች ነው።

ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት በ70 ቁጥር መንገድ ወደ ላይመን ይዣት ወጣሁ። ከአውራ ጎዳናው ወርደን በጠጠሩ መንገድ ስንሄድ አጥሩ ሥር አንዷ ቆማለች። እግሯ መቃ፣ ጆሮዋ ረጅም፣ ጫፉ ጥቁር። የጅራቷም ላይ ጥቁር ነው። ጃክራቢት ይሏታል፤ ስሟ ራቢት ይሁን እንጂ እሷም ሄር ናት፣ ፈረንጅም ስም ሲያወጣ ይሳሳታል።

«አቁም! አቁም!» አለች እናቴ። መስኮቱን አውርዳ «እሽ!» ስትላት ቁጥቋጦ አልፈለገችም፤ ገላጣውን ሜዳ ተያያዘችው። አቧራዋ እስኪጠፋ አየናት።

«ይኸውልህ» አለች እናቴ፣ «ጥንቸል እንዲህ ነው የምትሮጥ።»