ደርድር እና የተደረደረ

ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የመጀመሪያ ፕሮግራሜን የጻፍኩት ለሰፈራችን እድር ነው። 86 አባላት በደብተር ተመዝግበዋል፤ ስማቸውን በሀ ሁ ተራ ደርድሬ ላትም ቃል ገባሁ። ዝርዝሩን ሶርት በሚባለው ሜተድ (በስሙ ሲጠሩት አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ደረደርኩና የመለሰልኝን በዚያው በዝርዝሩ ስም ያዝኩት። ጸሐፊያችን መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ፕሮግራሙን ሳስነሳው ስክሪኑ ላይ «ነን» የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ወጣች። ባዶ ማለት ናት። ነን ካለች አይቀር ማን እንደሆንን ብትነግረን ምን ነበረበት!

«ልጄ፣ ሰዎቹ የት ገቡ?» አሉኝ ጋሼ።

የፓይተን ሶርት ያንኑ ዝርዝር ባለበት ይደረድርና ምንም አይመልስም። እኔ ያንን «ምንም» ተቀብዬ በ86 ሰው ላይ ደረብኩበት። በጣም ተናደድኩ። ለካ የፓይተን ፈጣሪ ጉዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2003 ምክንያቱን ጽፎት ኖሯል። ዋናውን የሚለውጡ ሜተዶች በአንድ መስመር ሲቀጣጠሉ ለአንባቢ ያስቸግራሉ ባይ ነው። አዲስ ዝርዝር የፈለገ ሶርትድ የሚባል ሌላ አለለት።

ንዴቴ የበረደው ሥራ ይዤ ጃቫስክሪፕት በሚባል ሌላ ቋንቋ ስጽፍ ነው። እዚያ ሶርት ዋናውንም ይለውጣል፣ ያንኑ ዝርዝርም ይመልሳል። ዕቃዎችን በዋጋ ለማሳየት ደረደርኩ፤ አዲስ ቅጂ የያዝኩ መስሎኝ። ሌላ ገጽ ላይ የደንበኛው ቅርጫት ተራው ተዘበራረቀ። ሁለት ቀን ፈለግሁት። የፓይተን ስህተት ግን እዚያው፣ ጋሼ ፊት ነው ያጋለጠኝ። በዚያ ላይ የጃቫስክሪፕቱ ሶርት ካልነገሩት ቁጥርን እንደ ጽሑፍ ያወዳድራል፤ 10 ከ9 ይቀድማል። ስላይስ ቅጂ ይሰጣል፣ በአንዲት ፊደል የሚለየው ስፕላይስ ዋናውን ይቆርጣል። ቅጂ የሚመልሰው ቱሶርትድ የገባው በ2023ቱ የቋንቋው እትም ነው።

ደግነቱ ፓይተንም ጻድቅ አይደለም። ፖፕ ዝርዝሩን እየቀነሰ የቀነሰውንም ይመልሳል። ጽሑፍ ውስጥ ከሚፈልጉት ከሁለቱ፣ ፋይንድ ያጣውን ነገር «-1» ይላል፣ ኢንዴክስ ደግሞ ስህተት ይወረውራል።

የስም አወጣጡን ደንብ በግልጽ የጻፉት ስዊፍት የሚባለው ሌላ ቋንቋ ሰዎች ናቸው። ዋናውን የሚለውጥ ሜተድ በትእዛዝ ይጠራል፦ ሶርት። አዲስ የሚሰጥ፣ ሥራው ያለቀለት መሆኑ በስሙ ይታወቃል፦ ሶርትድ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። አማርኛችን ይህን መቼ አጣው? «ደርድር» ሲሉህ ፊትህ ያለውን ነው፤ «የተደረደረ አምጣ» ሲሉህ ግን የእነሱን አትነካም።

ከዚያ ወዲህ ለቡድናችን የምጽፈውን ሜተድ ሁሉ ስም ከማውጣቴ በፊት በአማርኛ ጮክ ብዬ እለዋለሁ። ገልብጥ ወይስ የተገለበጠ? ጨምር ወይስ የተጨመረበት? አጠገቤ ያለው ልጅ መጀመሪያ የምጸልይ መስሎት ነበር። አሁን እሱም ይላል።

ፊልተር ብቻ አስቸገረችን። ስሟ «አጣራ» ነው፣ ትእዛዝ፤ ሥራዋ ግን አዲስ መስጠት። ፓይተንም፣ ጃቫስክሪፕትም፣ ደንቡን የጻፈው ስዊፍት ራሱም እንዳለች ትተዋታል። ሰው ሁሉ ለምዷታል። ልጁ «የተጣራ» እንበላት ብሎ ሦስት ቀን ተከራከረኝ። እኔም ተውኳት።