ቮላኖው ላይ የቀረው ነጥብ

ካምቢዮውን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ያወረድነው ቅዳሜ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም፤ የተቃጠለ ሽታም ነበረው። የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ፣ ሲወጣ አልቆ የሪቪቶቹ አናት ላይ ደርሷል።

ሸራው፣ እሱን የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታው አብረው እንደሚቀየሩ ሳንነጋገርም ተስማምተናል። ያከራከረን ቮላኖው ነው፤ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው፣ ሸራው የሚጣበቅበት ከባድ የብረት ክብ። በጨርቅ ስጠርገው ፊቱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ የሚያካክሉ ሰማያዊ ነጥቦች ብቅ አሉ። ጥፍሬን ሳስኬድበትም ቀጫጭን ቦዮች ያዙት።

ወንድሜ «ብርጭቆ ወረቀት እንምታውና እንግጠመው» አለ። ድካሙ ገብቶኛል። ግን በድሮው መኪናዬ ላይ ልክ እንደዚያ አድርጌ፣ አዲሱ ፍሪሲዮን በአንደኛ ማርሽ በተነሳሁ ቁጥር መኪናውን ሲያንቀጠቅጠው ኖሬ፣ በስድስተኛው ወር ያንኑ ካምቢዮ መልሼ አውርጃለሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ብስጭት አልረሳውም።

ሰማያዊው ነገር ከላይ የተቀባ ቀለም አይደለም። ሸራው ሲንሸራተት የሚፈጠረው ሙቀት ብረቱን እዚያው ቦታ ላይ ያጠነክረዋል፣ ጥንካሬውም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በቶርኖ ሲላጥ ስለቱ እሱ ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ ነጥቡ ጉብ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ በሚሽከረከር ድንጋይ ቢሞረድ ይሻላል፤ ያም ቢሆን አምራቹ ከወሰነው ውፍረት በታች ሳይወርድ ነው። የእኛ ቮላኖ ድፍን ስለሆነ ዕድል ነበረው። ውስጡ ሞላ ያለው፣ ባለ ሁለት ክፍሉ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሞላው ካረጀ መቀየር ነው እንጂ መሞረድ አያድነውም።

ወስደን አስሞረድነው። ቦዮቹ ወዲያው ጠፉ፣ ነጥቦቹ ግን ደብዘዝ ብለው ቀሩ። ባለሙያው አዛውንት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ብረቱን ወደ ብርሃን አዘነበሉት። «ልጄ፣ ይቺን አየሃት?» አሉኝ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከአንዱ ነጥብ ተነስታ ወደ ብሎን ቀዳዳው ታመራለች። በደቂቃ ሺህ ጊዜ የሚዞር ብረት ነው፣ ያለውም ከእግሬ ፊት ለፊት። «እንግዲህ ይበቃል፣ አባቴ» አልኳቸው።

አዲሱን ዛሬ አሰርነው፤ ብሎኖቹንም አዲስ አደረግን፣ ፊት ለፊት እያፈራረቅን በመለኪያ ቁልፍ አጠበቅናቸው። ከፋብሪካ የመጣበትን የዝገት መከላከያ ዘይት ወንድሜ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጠረገው። እኔም ሸራውን ከመንካቴ በፊት እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ።