እስኪነጋ የበቃው ሲሊንደር

መጋቢት 2013 ዓ.ም.፣ የዐቢይ ጾም መሀል። ኮቪድ አገራችን መግባቱ ከተነገረ፣ ማለትም ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ወዲህ፣ አንድ ዓመት አልፏል። ክትባቱ ገና መሰጠት መጀመሩ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የጽኑ ሕሙማን አልጋ በተራ የሚጠበቅበት ሰሞን ነበር። ይህ ምስክርነት በዚያ ሰሞን በአንድ ክፍል ውስጥ ስላደሩ እናት ነው። የሆነውን ከነቁጥሩ አስቀምጣለሁ፤ ቁጥሩን ከዘለልኩት ምን እንደተለመነና ምን እንደተሰጠ አይታይም።

እኚህ እናት ስድሳን አልፈዋል፣ ስኳርም አለባቸው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከረጢት ባለው ማስክ በደቂቃ 15 ሊትር ኦክስጅን እየሳቡ ጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካው ኦክሲሜትር 84 ይላል። የሚፈለገው ቢያንስ 90 ነው። ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥፍር ሲቀባ መሣሪያው ስለሚሳሳት ነርሷ ጣታቸውን አሽታ አሞቀችና እንደገና ለካች፤ ያው 84።

ሲሊንደሩ 40 ሊትር የሚይዝ ነው፣ የግፊት መለኪያው ጌጅ ደግሞ 150 ባር ያሳያል። አርባን በ150 ሲያባዙት 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይሆናል። ለ15 ሲካፈል 400 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ስለዚህ ከሌሊቱ 7፡40 ላይ ያልቃል። ሙሉ ሲሊንደር የሚያመጣው መኪና የሚደርሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። መሀሉ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ባዶ ነው። ግድግዳው ጥግ ያለችው ኮንሰንትሬተር፣ ከአየር ኦክስጅን የምታጣራው ማሽን፣ ሌላ በሽተኛ ላይ ናት፤ ብትገኝም ከ10 ሊትር በላይ አትሰጥም፣ መብራት ሲጠፋም አብራ ትጠፋለች።

ልጃቸው ከግቢው በር ውጭ ሆኖ ይደውላል። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ጆሯቸው አጠገብ አስቀመጥነው። “እማዬ፣ እየጸለይን ነው” ይላል። እሳቸው በማስኩ ውስጥ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “እመቤቴ፣ እስኪነጋ አድርሺኝ።” ዳኚኝ አላሉም። እስኪነጋ ነው ያሉት።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ “እማማ፣ በሆድዎ ይተኙልን” አለቻቸው።

“በሆዴ? እንደ ሕፃን?”

“እንደ ሕፃን።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በጀርባው ሲተኛ ልብና ሆድ የሳንባውን የኋላ ክፍል ይጫኑታል። ብዙው ደም የሚሄደው ግን ወደዚያው ነው፤ አየር ወደሌለበት ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። በሆድ ሲተኛ ያ ክፍል ይከፈታል። ትራስ ከደረት፣ ከዳሌና ከቅልጥም ሥር ይደረጋል፤ ፊት ወደ ጎን ይዞራል። ወዲያው የበላ ሰው ያስታውከዋልና አይገለበጥም። በመገልበጥ ላይ ደግሞ ቱቦው ይታጠፋል ወይም ማስኩ ይፈናቀላል፤ ቁጥሩ ድንገት ከወረደ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ መሻሻል ከሌለ ይመለሳሉ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ 87 ሆነ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ 92። ወደ 10 ሊትር ዝቅ ተደረገ፤ ከረጢት ላለው ማስክ ከዚያ በታች አይኬድም፣ ከረጢቱ ይሟሽሻል። 4 ሰዓት ተኩል ላይ 93 ሲል ማስኩ ከረጢት በሌለው ተራ ማስክ ተቀየረና 6 ሊትር ተደረገ። በዚህኛውም ከ5 መውረድ አይቻልም፤ በሽተኛው ያወጣውን አየር መልሶ ይስበዋል። ሲደክማቸው በየሁለት ሰዓቱ ወደ ቀኝ ጎን፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ወደ ግራ ጎን፣ ከዚያ እንደገና በሆድ።

ብግነት የሚያበርደውን መድኃኒት፣ ዴክሳሜታሶንን፣ በቀን 6 ሚሊግራም ጀምረዋል፤ እስከ 10 ቀን የሚሰጥ ነው። ኦክስጅን ላይ ላለ በሽተኛ ሞትን እንደሚቀንስ በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት ያሳየው ሰኔ 2012 ላይ ነው። ርካሽ መድኃኒት መሆኑ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ትልቅ ነገር ነው። ስኳር ግን ያስወነጭፋል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ጣታቸው እየተወጋ ኢንሱሊናቸው ሲስተካከል አደረ።

እዚህ ላይ ለአስታማሚዎች አንድ ነገር ልበል፣ ደጋግሞ ስላጋጠመ። የጸሎት ዘይትና ጧፍ ኦክስጅን ያለበት ክፍል አይገቡም። ዘይት የነካው ሬጉሌተር፣ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ኦክስጅኑን በሚያረጥበው ጠርሙስ ውስጥ የሚጨመረውም የተጣራ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ጸበሉን ሐኪሙ መጠጣት ሲፈቅድ ይጠጡት እንጂ ወደ ሳንባ በሚሄድ አየር ውስጥ አይጨመርም።

“ታዲያ ያዳናቸው መገልበጡ ነዋ” የሚል አይጠፋም። መገልበጡ ነው፤ ከላይ የጻፍኩት ለምን ይመስላችኋል? በዚያው ሳምንት ግን በዚያው ክፍል ተገልብጠው ቁጥራቸው ፈቀቅ ያላላቸው ነበሩ። የማን ሳንባ እንደሚከፈት ቀድሞ የሚያውቅ ሐኪም የለም። ሌላ ሲሊንደር ይምጣ ብለን ለመንን፣ አልመጣም፤ ያለው እንዲበቃ ተደረገ። እሳቸው ከሁለት ሳምንት በላይ ተኝተው፣ ያለ ኦክስጅን 94 እያሳዩ ወደ ቤታቸው ገብተዋል። እኔ ይህን ጸሎት ተሰማ እላለሁ።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ መኪናው ግቢ ሲገባ ጌጁ ከ20 ባር ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ሲሊንደር የሚያንከባልለው ሠራተኛ ሲያንኳኳ እናታችን በሆዳቸው እንደተኙ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

“ነጋ?”

“ነጋ፣ እማማ።”

“እንግዲያ ልገልበጥ?”