ስኳር ስንት፣ ትራንዚስተር ስንት?

«ስኳር ስንት ላድርግልህ? ትራንዚስተርስ?»

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ያለችው ሻይ ቤት ባለቤት ይህን ሳትለኝ ሻይ ቀድታልኝ አታውቅም። ደንበኞቿም ቀልዱ ገና ዛሬ የተፈጠረ ይመስል በየቀኑ እንደ አዲስ ይስቃሉ።

ጣጣውን ያመጣብኝ ለሠርግ የድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ነው። ፒክአፑ ላይ ለጫነው ማጉያ የ12 ቮልቱን ባትሪ ከፍ አድርጎ የሚመግብ ፓወር ሰፕላይ ሠራሁለት። ሁለቱን ወገን ተራ በተራ የሚያዝዘው አይሲ ኤስ ጂ 3525፣ በየወገኑ ከረንቱን የሚያሳልፉ ሁለት ሁለት አይ አር ኤፍ 3205 ሞስፌት የሚባሉ ትራንዚስተሮች፣ ትራንስፎርመሩን በእጄ ጠምጥሜ። ሠራ። ሰውየው ግን «ሳቢያን የተዘፈነው ገንደ ቆሬ ካልተሰማ ምኑን ሠርግ ሆነ!» ብሎ አራት አራት እንዳደርገው አዘዘ።

ይቻላል። ሞስፌት ሲሞቅ ከረንት የማሳለፍ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ፣ ጎን ለጎን ሲታሰር ከወንድሞቹ ጋር መካፈል ያውቅበታል። ለእያንዳንዱ ጌት፣ ማለትም ሞስፌቱ ክፈት ዝጋ ለሚባልበት እግር፣ የየራሱን 10 ኦም ሬዚስተር መስጠት ነው፤ ሰጥቻለሁ። ጥያቄው ይህን ሁሉ ጌት ማን ይሞላዋል ነው። አንዱ 3205 ብቻውን እስከ 146 ናኖ ኩሎምብ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይጠጣል፤ አራቱ 584። አይሲው ተጨንቆ 400 ሚሊ አምፔር ቢያዋጣ እንኳ ለመሙላት ወደ 1.5 ማይክሮ ሰከንድ፣ ለማራገፍም ያንኑ ያህል ይፈጅበታል። በ50 ኪሎ ኸርዝ ደግሞ ለአንዱ ወገን የሚደርሰው ጊዜ ከ10 ማይክሮ ሰከንድ አይበልጥም። ከዚህ ላይ ያን ያህል ጊዜ ግማሽ ክፍት፣ ግማሽ ዝግ ሆኖ የሚቆይ ሞስፌት ተጠበሰ ማለት ነው። መድኃኒቱ በአይሲውና በጌቶቹ መካከል በየወገኑ አይሲውን የሚያግዙ ሁለት ትንንሽ ትራንዚስተሮች፣ አንድ ቢ ዲ 139 እና አንድ ቢ ዲ 140፣ ማስገባት ነው። ዋጋቸውን ለመጥራት እንኳ ያሳፍራል።

ሰውየው የዕቃውን ዝርዝር ተቀበለኝ። «እነዚህ ትንንሾቹ ምን ይሠራሉ?» አለ። አስረዳሁት። ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በእስክሪብቶ ሰረዛቸው። ያልሰረዘው ሰማያዊውን ጌጠኛ መብራት ነው። በነገራችን ላይ፣ በዚህ ሰማያዊ መብራት ጉዳይ ሆዴ ሞልቷል። ፍሬኑ የማይዝ ባጃጅ ሰማያዊ መብራት አለው። ፊውዝ ግዛ የተባለ ሰው ገንዘቡን ይቋጥርና ለሰማያዊ መብራት ሲሆን ኪሱ በራሱ ጊዜ ይከፈታል።

ሱቄ ጠባብ ስለሆነ ፒክአፑ ለሙከራ ሻይ ቤቷ ፊት ቆመ። ሰው ተሰበሰበ። ባለቤቱ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞረው። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ አልጨረሰም።

ጧ!

የአንዱ ሞስፌት ጥቁር ጀርባ ተፈንቅሎ በረረና የሽማንደፈር፣ የምድር ባቡሩ፣ ጡረተኛ የሆኑ አዛውንት ሻይ ውስጥ ጠብ አለ። እርሳቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። በማንኪያ አወጡት፣ ሳህኑ ላይ አስቀመጡት፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው «205» የሚለውን ትራፊ አነበቡ፣ ከዚያም ሻያቸውን ፉት አሉ። ፊውዙ ትራንዚስተሮቹ ካለቁ በኋላ ለለቅሶ ደርሶ ተበጠሰ። ከባትሪው በቀጥታ የታሰረው ሰማያዊ መብራት ግን ቦግ ብሎ ይበራ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሻዩ ታሪክ የእኔን ዋጠው። ወሬው ከፊራ ሲደርስ ብርጭቆው ለሁለት ተሰንጥቋል። መጋላ ላይ ሻዩ እንደገና ፈልቷል። ሐረር ያሉት አክስቴ ደውለው «ለቤተሰቡ ካሣ ከፈልክ ወይ?» ሲሉኝ ሟቹ አጠገቤ ተቀምጠው ዳማ እየበሉኝ ነበር። ቁራጩ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ከስኳር ዕቃው ጎን የክብር ቦታ ይዟል። መንገደኛ ሁሉ ያነሳዋል፣ በመዳፉ ይመዝነዋል፣ ወደ እኔ ያያል፣ ይመልሰዋል። አንዱ ወጣትማ አሽትቶ «አሁንም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል» ብሎ መሰከረ።

አንዲት ማምለጫ ቀርታኝ ነበር፤ ትራንዚስተሩ አስመስለው የሠሩት ነው ማለት። እንዲህ ያለው በገበያ ሞልቷል፤ ላዩ 3205፣ ውስጡን ፈጣሪ ይወቀው። አዛውንቱ ያቺንም ቀሙኝ።

«ሙሴ» አሉኝ፣ «አንድ ጠባቂ አራት የሐዲድ ኬላ በአንድ እጁ ያንሳ ብላችሁ እኮ ነው ባቡሩን የለቀቃችሁት!»

ሻይ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ ይህንኑ በናኖ ኩሎምብ ስናገር ማን አጨበጨበልኝ? ይባስ ብሎ ባለ ፒክአፑ ወደ እኔ ዞሮ «እንዲህ ብለህ አታስረዳኝም ነበር?» አለ።

ትንንሾቹ ተገዙ፣ ገቡ። ሙሉ ድምፅ ለቅቀን ብዙ ከቆየን በኋላ፣ በዚያ በድሬዳዋ ሙቀት፣ ሞስፌቶቹ የታሰሩበት አሉሚኒየም ለብ ከማለት አላለፈም። ሰውየው መዳፉን ጭኖበት ፊቱን አጨማደደ።

«ድሮ እጅ ያቃጥል ነበር» አለ። «አሁን ጉልበቱ ደክሟል። ከሒሳቡ ቀንስልኝ።»