ገብርኤል ከሐዲድ ላይ አወጣኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ልጽፍ ባሰብኩ ቁጥር ያ የባቡር መብራት ፊቴ ድቅን ይልብኛል። ስሳል ግን «እመሰክራለሁ» ብዬ ስለነበር ዕዳ ሆኖብኝ ከረመ።

አሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ዕለቱ ታኅሣሥ 19፣ የገብርኤል ዓመታዊ በዓል ነበር። እማዬ ቁልቢ ወርዳለች። እኔ ኦሃዮ ውስጥ ዝቅ ያለ ትሬይለር እየጎተትኩ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በረዶው እየጣለ። ዋናው መንገድ ተዘግቶ ጂፒኤሱ በገጠር አዞረኝና የባቡር መሻገሪያ ላይ ደረስኩ። ሐዲዱ ከመንገዱ ጉብ ብሎ ከፍ ያለ ነው። የፊት ጎማዎቼ ተሻገሩ። ከዚያ ከሥር ብረት ሲፋጭ ሰማሁና መኪናው ቀጥ አለ። የትሬይለሩ ሆድ ሐዲዱ ላይ ቁጭ ብሏል።

ወደፊት አልኩ፣ ወደኋላ አልኩ። ጎማው ይሽከረከራል እንጂ ንቅንቅ የለም። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፣ አልደብቅም፤ ወዲያው መውረድ ነበረብኝ። ግን መኪናው የብድር ነው፣ የስንት ዓመት ላቤ ነው፣ ጥዬው መውረድ አቃተኝና መሪውን ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ «ሦስቱን ልጆች ከእቶን እሳት ያወጣህ ገብርኤል፣ ድረስልኝ፣ ለደጅህ ጃንጥላ አገባለሁ» እያልኩ ማልቀስ ያዝኩ።

ድምፅ ሰማሁ ብዬ አልዋሽም። ልቤ ውስጥ ግን «ውረድ» የሚል ነገር መጣብኝ፣ እንደ ትእዛዝ። ወረድኩ። በስልኬ መብራት ዙሪያውን ሳይ ኤክስ የመሰለው ነጭ ምልክት ምሰሶ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ አየሁ። በረዶውን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ስልክ ቁጥር አለው። ከሥሩ የመሻገሪያው መለያ፣ ስድስት አኃዝና አንድ ፊደል። ስንት መሻገሪያ አልፌያለሁ! አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ጥርሴ እየተንገጫገጨ መለያውን አነበብኩላት።

«መኪናው ውስጥ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ባቡር እየመጣ ነው፣ ለሾፌሩ በሬዲዮ እየነገርነው ነው። አሁኑኑ ከሐዲዱ ራቅ! ባቡሩ ወደሚመጣበት በኩል እያገደምክ ሩጥ።»

ወደ ባቡሩ? ግራ ገባኝ፣ ግን ሮጥኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ባቡር መኪና ሲመታ ስብርባሪው የሚበተነው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው። ሸሽቼ ወደዚያ ብሮጥ ኖሮ የራሴ መኪና ብረት ያገኘኝ ነበር።

ከዚያ ጡሩምባው ተሰማ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። ከእኛ በፊት ላለው መሻገሪያ ነበር የነፋው። መብራቱ ታየ። ፍሬኑ ሲያፏጭ መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ እኔ በረዶው ላይ ተንበርክኬያለሁ፣ ባቡሩ ግን አሁንም ይመጣል፣ ይመጣል፣ ይመጣል። ቆመ። ከመኪናዬ 100 እርምጃ በማይሞላ ርቀት።

የባቡሩ ሾፌር ወረደና መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «በሬዲዮ ሳይነገረኝ በዓይኔ እስካይህ ጠብቄ ቢሆን ኖሮ መቆም አልችልም ነበር» አለኝ። የጫነ ባቡር በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም 1.6 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጎማውም ሐዲዱም ብረት ነው፣ እንደ መኪና ጎማ ቆንጥጦ አይዝም። ከኋላው ያሉት ፉርጎዎች በሙሉ ይገፉታል። መሪ የለው፣ ዞር አይል። በዚያ ፍጥነት በ1 ደቂቃ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ይበላል። የእኔ ልቅሶ አንድ ደቂቃ ቢረዝም ኖሮ ብላችሁ አስቡት።

ወገኖቼ፣ መኪና የምትነዱ፣ እባካችሁ። ማዶ ላይ ለመኪናችሁ የሚበቃ ቦታ ሳታዩ ሐዲድ ላይ አትግቡ። ሐዲዱ ላይ ሳላችሁ የመሻገሪያው አግዳሚ ከፊታችሁ ቢዘጋባችሁ ሰብራችሁት ውጡ፤ እንዲሰበር ተደርጎ ነው የተሠራው። መኪናው እንቢ ካለ ጥላችሁት ሩጡ፣ ከዚያ ሰማያዊዋን ሰሌዳ ፈልጋችሁ ደውሉ። ካጣችኋት 911፣ የአሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ስልክ።

ሲነጋጋ ጎታች መጥቶ መኪናውን አወጣው። እማዬ ጋ ደወልኩ። እዚያ ቀኑ ተጋምሷል፣ ገና ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነች። «ልጄ፣ ቅድም ሆዴ ባር ባር አለኝና ስምህን እየጠራሁ ስለምን ነበር፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ዘንድሮ አገር ቤት ገብቼ ስለቴን ላደርስ ከእማዬ ጋር በባቡር ወደ ድሬዳዋ ወረድን። ጃንጥላው ጭኗ ላይ ነበር። መንገድ ላይ ባቡሩ ጡሩምባውን ሲነፋ ሳላስበው እጇን ጭምቅ አደረግኩት።

«ምነው ልጄ?»

ሙሉውን የነገርኳት ያኔ ነው።